ሞሊዋ እስክስታ አይደለም የምትመታው

ባለፈው እትም ግርጌ «ስለ ሞሊ ዓሣ ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልኝ» ብዬ ነበር። ምነው እጄን በያዘኝ! ቤቱ ሁሉ ሞሊ ያረባል እንዴ? ሁሉንም መመለስ ስለማልችል ስምንቱን መርጫለሁ። ቁጭ ብዬ ሳነባቸው ግን አብዛኞቹ ዞረው ዞረው አንድ ጥያቄ ናቸው። ሰው ዓሣዋን ያያታል፣ ውሃውን አያየውም። እሷ የምትበላው፣ የምትተነፍሰው፣ የምትጸዳዳውም እዚያችው ውስጥ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ሦስት ጥቁር ሞሊ ከገዛሁ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። አንዷ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ቦታዋን ሳትለቅ ትወዛወዛለች። ወደፊት አትሄድ፣ ወደኋላ አትል፣ እዚያው ግራና ቀኝ። እህቴ «እስክስታ እየመታች ነው» እያለች ቪዲዮ ትቀርጻለች። ማሞቂያ የለኝም፣ ሻጩ አያስፈልግም ብሎኛል። ምን ሆና ነው? (ተማሪዋ፣ ከኮተቤ)

መልስ፦ እህትሽ ቪዲዮውን ታቁምና ሄዳ ቴርሞሜትር ትግዛ። ፈረንጆቹ ይህን ነገር «ሺሚ» ይሉታል፤ ትከሻ እየነቀነቁ የሚጨፈር ጭፈራ ስም ነው፤ ስለዚህ እስክስታ ማለቷ ብዙም አልተሳሳተችም። ግን ደስታ አይደለም። ራሱን የቻለ በሽታም አይደለም፣ ምልክት ነው። ውሃው ሲቀዘቅዝ፣ ማዕድን ሲያንሰው ወይም ሲቆሽሽ የሰውነቷ የጨው ሚዛን ይናጋል፣ ጡንቻዋን እንደልቧ ማዘዝ ያቅታታል። ክንፎቿንም ሰብስባ ከሰውነቷ ጋር አጣብቃ ከሆነ አትጠራጠሪ።

ሞሊ የሜክሲኮ፣ የመካከለኛው አሜሪካና የዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ጠረፍ ልጅ ናት። የለመደችው ሞቅ ያለ፣ ማዕድን የበዛበት፣ አንዳንዴም ጨዋማ ውሃ ነው። ቀስ ብለሽ ካለማመድሻት ባሕር ውሃ ውስጥ እንኳ ትኖራለች። አሁን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ኅዳር ላይ፣ ማሞቂያ በሌለው ሳሎን ውስጥ አስቀምጠሻታል። ሌሊት ውሃሽ ወደ 17 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። እሷ የምትፈልገው ከ24 እስከ 28 ነው። «ማሞቂያ አያስፈልግም» ያለሽ ሰው ምናልባት ቅዝቃዜ ስለሚችለው ስለ ጎልድፊሽ እያሰበ ይሆናል። በሊትር አንድ ዋት ገደማ ብለሽ አስቢ፤ 60 ሊትር ከሆነ የ50 ወይም የ75 ዋት ማሞቂያ ይበቃል። በአንዴ አታሙቂው፤ በጥቂት ሰዓት አንድ ዲግሪ፣ እንደዚያ እያልሽ 26 አድርሺው። ውሃ ስትቀንሺ ደግሞ ሶኬቱን መጀመሪያ ንቀይ። ማሞቂያው ከውሃ በላይ ከቀረ መስታወቱ ይሰነጠቃል፣ እኔ በሁለት ማሞቂያ ተምሬአለሁ።

ቀጥሎ ማዕድን። ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድብ የሚመጣው ውሃ የዝናብ ውሃ ነው፣ ለስላሳ ነው፤ ማዕድን ያንሰዋል ማለት ነው። ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚወጣው የከርሰ ምድር ውሃ ጠንከር ይላል፣ ማዕድን ይበዛበታል። ያንቺን ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ሳሙና ነው። ትንሽ ሳሙና ብዙ አረፋ ካወጣልሽ ለስላሳ ነው። ለሞሊ ይሄ ጥሩ ዜና አይደለም። መፍትሔው ውድ አይደለም፦ የኖራ ድንጋይ ወይም እብነ በረድ ቁራጭ በደንብ አጥበሽ አኳሪየሙ ውስጥ ማስገባት፣ ወይም ታጥቦ የደቀቀ የእንቁላል ቅርፊት በጨርቅ ቋጥሮ ፊልተሩ ውስጥ ማድረግ። ድንጋዩ ላይ ኮምጣጤ ጠብ አድርጊበት፤ ቸስ ብሎ አረፋ ካወጣ የምትፈልጊው እሱ ነው። ቀስ ብሎ ነው የሚሟሟው፣ ጥሩነቱም እሱ ነው።

አንድ ነገር ግን ልለምንሽ። ሰዎች «ሞሊ ጨው ትወዳለች» ሲሉ ይሰሙና የወጥ ጨው ይበትናሉ። ጨው ውሃን ጨዋማ እንጂ ጠንካራ አያደርገውም፤ ካልሲየምና ማግኒዥየም ከጨው አይገኝም። ጨው ለሕመም ጊዜ ይጠቅማል፣ እሱን ከታች እነግራችኋለሁ።

ጥያቄ፦ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ዓሣ ነው የማሳድገው። እቤቴ ካለው ዕቃ ሁሉ ንጹሑ አኳሪየሜ ነው። በየቅዳሜው ውሃውን በሙሉ እደፋለሁ፣ ጠጠሩን በፈላ ውሃ አጥባለሁ፣ ፊልተሩን በሳሙና እፈትጋለሁ፣ አንዴ በበረኪናም አጥቤዋለሁ። ሆኖም በሦስት ወር ስድስት ሞሊ ቀብሬአለሁ። ምን ልጨምር? (ከመገናኛ)

መልስ፦ ምንም አይጨምሩ፣ ይቀንሱ እንጂ። ይቅርታ ያድርጉልኝና ዓሣዎችዎን የፈጀው ንጽሕናዎ ነው።

እስቲ እንዲህ ያስቡት። ባለቤትዎ በየሳምንቱ እርሾውን ደፍተው፣ ቡሃቃውን በበረኪና ፈትገው፣ «ሊጡ ለምን ኩፍ አይልም?» ቢሉ ምን ይሏቸዋል? ፊልተርዎም ቡሃቃ ነው። ስፖንጁ ላይ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ሰፍረዋል። የዓሣ ኩስና የተረፈ ምግብ አሞኒያ ይሆናል፣ አሞኒያ መርዝ ነው። አንዱ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፣ እሱም መርዝ ነው። ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል፣ ይሄኛው ብዙ ካልተጠራቀመ አይጎዳም። እርስዎ በየቅዳሜው ይህን ሠራዊት በሳሙና ይጨርሱታል፣ ከእሑድ ጀምሮ ዓሣዎቹ በራሳቸው ሽንት ውስጥ ይዋኛሉ ማለት ነው። ውሃው ግን ኩልል እንዳለ ነው፤ አሞኒያ አይታይም። ለሞሊ የሚስማማው ጠንካራ ውሃ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አሲድነት የለውም፣ በእንዲህ ያለ ውሃ ላይ አሞኒያ ይበልጥ መርዛም ይሆናል፣ ስለዚህ ሞሊ አሳዳጊ ከሌላው የበለጠ መጠንቀቅ አለበት።

አዲስ አኳሪየም ይህን እርሾ ለመያዝ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጅበታል፤ ውሃው ከቀዘቀዘ ከዚያም ይብሳል። ማሳጠሪያው እኛ ሁልጊዜ የምናደርገው ነው፦ ከጎረቤት እርሾ መዋስ። ዓሣዎቹ ጤነኛ የሆኑለት ወዳጅ ካለዎት ከፊልተሩ ስፖንጅ ቆርጦ ይስጥዎት፣ እርጥብ እንደሆነ አምጥተው የራስዎ ውስጥ ይክተቱት።

ከዚያ በኋላ በሳምንት አንዴ ከውሃው ሩቡን ብቻ ይቀይሩ። ስፖንጁን ከአኳሪየሙ በቀዱት ውሃ ባልዲ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ ያድርጉት፣ በቃ። አዲሱን ውሃ ከሮቶ ቀጥታ አይጨምሩበት፤ የጠዋት የሮቶ ውሃ በረዶ ነው፣ ከማንቆርቆሪያ ትንሽ ሙቅ ቀላቅለው በእጅዎ አቻ መሆኑን ይዩ። በረኪናውን ለሽንት ቤት ይተዉለት።

ጥያቄ፦ መብራት አራት አምስት ሰዓት ሲጠፋ ምን እናድርግ? ባለፈው ጠዋት ስንነቃ ሁሉም ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱ ይዘጉ ነበር። (ባልና ሚስት፣ ከአያት)

መልስ፦ አየር አጥሯቸው ነው። ከፍታ ላይ ነን፤ ውሃችን ከባሕር ጠረፍ ውሃ ያነሰ ኦክስጅን ነው የሚይዘው፣ ስለዚህ ፓምፑ ሲቆም እኛ ጋ ቶሎ ይሰማቸዋል። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ትንሽ ኤየር ፓምፕ ካገኛችሁ ያዙት። ካልሆነ ኩባያ አንሱና ውሃውን እየቀዳችሁ ከአንድ ስንዝር ከፍታ መልሳችሁ አፍስሱት፣ በየግማሽ ሰዓቱ ጥቂት ደቂቃ። ለቅዝቃዜው ጋቢ። እውነቴን ነው፣ አኳሪየሙን ጋቢ አልብሱት፣ ከላይ ብቻ ለአየር ክፍት ተዉለት። ሌሊቱ ከከፋ ሙቅ ውሃ የሞላ ላስቲክ ጠርሙስ ክዳኑን አጥብቃችሁ ውስጡ አንሳፍፉ። በዚያ ሰዓት ምግብ የሚባል አትስጡ፤ የበላ ዓሣ ብዙ አየር ይፈልጋል፣ ያልተበላውም ውሃውን ያበላሻል። መብራቱ ለሙሉ ቀን ከጠፋ ደግሞ፣ ሲመለስ ፊልተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት አሽትቱት። የገማ እንቁላል የሚሸት ከሆነ ውስጡ የቀረውን ውሃ ድፉና ስፖንጁን ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ አለቅልቁ።

ጥያቄ፦ ለልጄ አንዲት ሴት ሞሊ ብቻ ነው የገዛሁላት፣ እንዳይራቡብን ብዬ። ከሁለት ወር በኋላ ወለደች! ወንድ የሚባል አጠገቧ የለም። ልጄ «ተአምር ነው» ትላለች። ሃያ የሚሆኑ ቆጥረን ነበር፣ ማታ ስናይ ስድስት ቀርተዋል። እናትየው ናት የበላቻቸው? ልጄ ይህን ከሰማች ታለቅሳለች። (የሁለት ልጆች እናት፣ ከሲኤምሲ)

መልስ፦ እናትየዋ ናት። ለልጅሽ «ተደብቀዋል» በያት፣ ግማሹም እውነት ሊሆን ይችላል።

ተአምሩን በተመለከተ፣ ሞሊ እንቁላል አትጥልም፣ የሚዋኝ ልጅ ነው የምትወልደው። ከወንድ ጋር አንዴ ከተገናኘች ደግሞ ዘሩን ሆዷ ውስጥ አስቀምጣ ለወራት ከዚያው እየቆጠበች ታረግዛለች። ሱቁ ውስጥ ከወንዶች ጋር ነበረች፣ አለቀ። ከአንድ ሆድ ሃያም፣ ስልሳም፣ ትልቅ ከሆነች መቶም ሊወጣ ይችላል። እርግዝናው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ነው። ስለዚህ ይሄ የመጨረሻው አይደለም፣ አይዞሽ።

ለልጅሽ ግን የሚነገር እውነተኛ ታሪክ አለ። አማዞን ሞሊ የምትባል ዝርያ በቴክሳስና በሰሜን ምሥራቅ ሜክሲኮ አለች። ሁሉም ሴቶች ናቸው፣ ወንድ የሚባል የላቸውም። የሌላ ሞሊ ዝርያ ወንድ ያስፈልጋቸዋል፣ ግን እንቁላሉ እንዲነሳሳ ብቻ ነው፤ ከእሱ ምንም አይወርሱም፣ ልጆቹ የእናታቸው ግልባጭ ናቸው። አጥንት ያለው እንስሳ እንዲህ እንደሚራባ ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቀው በእሷ ነው፣ በ1932 እ.ኤ.አ.። ስሟም ከወንዙ ሳይሆን በግሪክ ተረት ካሉት ተዋጊ ሴቶች የመጣ ነው።

የተረፉትን ስድስቱን ማዳን ከፈለግሽ መደበቂያ ስጪያቸው። ላይ የሚንሳፈፍ ቅጠል የበዛበት ተክል ከሁሉ ይሻላል። ከላይ የምትንጠለጠለውን ትንሽ የመውለጃ ሳጥን ብዙም አልወዳትም፤ እርጉዟን እዚያች ውስጥ መክተት ያስጨንቃታል። ልጆቹን ብቻ አውጥቶ ለብቻ ማሳደግ ይሻላል። ምግባቸው የደቀቀ የዓሣ ምግብ ነው፣ በጣት መካከል እንደ ሽሮ እስኪሆን የታሸ፣ ትንሽ ትንሽ፣ በቀን ሦስት አራቴ። የተቀቀለ እንቁላል አስኳልም ይሆናል፣ ግን የመርፌ ጫፍ ታህል፤ ከዚያ ካለፈ ውሃውን ያገማዋል።

ወንድና ሴት አብራችሁ የምታሳድጉም፣ ለአንድ ወንድ ሁለት ወይም ሦስት ሴት ይሁን። ወንዱ ረፍት የለውም፣ አንዲት ብቻ ከሆነች ሲያሳድዳት ይገድላታል። መለያው ሆዱ ሥር ያለው ክንፍ ነው፦ የሴቷ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ነው፣ የወንዱ እንደ ስንጥር ቀጭን ነው።

ጥያቄ፦ የዳቦ ፍርፋሪና እንጀራ ይበላሉ። እየሰጠኋቸው ልቀጥል? (ከአዳማ)

መልስ፦ መብላትማ ይበላሉ፣ የእኔ ሞሊ አንዴ የሞባይሌን ነጸብራቅ ልትበላ ሞክራለች። አትስጣቸው። ዳቦ ሆዳቸውን ይነፋል፣ የተረፈውም ይበሰብሳል። ሞሊ ከሞላ ጎደል ጾመኛ ናት፤ በተፈጥሮዋ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ላይ የበቀለ አልጌ ስትለቅም ነው የምትውለው። መደበኛው የዓሣ ምግብ ላይ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ለብለብ ያለ ቆስጣ፣ ዝኩኒ ወይም የተላጠ አተር ጨምርላት። ጨውና ዘይት ያልነካው መሆኑን እንዳትረሳ፣ ከድስት ላይ ቆንጥራችሁ የምትሰጡ አውቃለሁ። መስታወቱ ላይ የሚበቅለውንም አረንጓዴ ከፊቱ ብቻ ጥረግ፣ የኋላውን ተውላት፣ ማሳዋ ነው። የምትሰጠው በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ ይሁን።

ጥያቄ፦ አጎቴ አዲስ አበባ ሳለሁ «የቧንቧ ውሃ አንድ ቀን ባልዲ ውስጥ አሳድረህ ተጠቀም፣ ክሎሪኑ ይወጣል» ብሎ አስተምሮኝ ነበር፣ ሠርቶልኝም ያውቃል። እዚህ ሁለት ቀን ባሳድርም ዓሣዎቼ ይታመማሉ። የአሜሪካ ውሃ ምን ገባበት? (ከዋሽንግተን ዲሲ)

መልስ፦ ክሎራሚን። አጎትህ ልክ ናቸው፣ አገሩ ነው የተለየው። ክሎሪን ብቻ የገባበት ውሃ ሰፊ አፍ ባለው ባልዲ አንድ ቀን ሲያድር ይተናል። ዲሲ ግን አብዛኛውን ዓመት ክሎሪንና አሞኒያ የተጣመሩበት ክሎራሚን ነው የሚጠቀመው፤ እሱ በማሳደር አይወጣም፣ እዚያው ይጠብቅሃል። በየዓመቱ በጸደይ ወራት ቧንቧዎቹን ለማጽዳት ለጥቂት ሳምንታት ወደ ክሎሪን ይመለሳሉ፣ ያን ጊዜ ዘዴህ ድንገት ይሠራና ግራ ያጋባሃል። የውሃ ማስተካከያ ፈሳሽ ግዛ፣ ጠርሙሱ ላይ ክሎራሚንንም እንደሚያከሽፍ የተጻፈበት ይሁን። እዚያ አገር ርካሽ ነው። አጎትህን ደውለህ ሰላም በልልኝ።

ጥያቄ፦ ውሃችን በጣም ጠንካራ ነው። ማንቆርቆሪያው ውስጡ ነጭ ድንጋይ ሠርቷል። ሞሊ ይኖርበታል? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ይኖርበታል ወይ? የኮተቤዋ ልጅ በእንቁላል ቅርፊት የምትለፋለትን ነገር እናንተ ከቧንቧ ትቀዱታላችሁ። ማሞቂያም ላያስፈልግህ ይችላል። ያንተ ችግር በሙቀቱ ወራት ነው፤ ውሃው 30 ካለፈ አየር ያጥራቸዋል፣ ፓምፑን አታጥፋ፣ ፀሐይ ከምትመታው መስኮትም አርቀው።

ጥያቄ፦ ሁለት አዲስ ሞሊ ከጨመርኩ በኋላ ሁሉም ላይ ጨው የተነሰነሰባቸው የሚመስል ነጭ ነጥብ ወጣባቸው፤ ጠጠሩ ላይ ይታከካሉ። ያ ካለፈ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለኝ፤ ትናንሾቹ አርባ ደርሰዋል፣ ሐይቁ ላይ ብለቃቸው ምን ይመስልሃል? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ነጥቡ ጥገኛ ተውሳክ ነው፣ አዲሶቹ ይዘውት መጥተው ነው። አስቸጋሪነቱ ቆዳ ውስጥ እያለ መድኃኒት አይነካውም፣ ወድቆ ተባዝቶ ውሃ ውስጥ ሲዋኝ ብቻ ነው የሚሞተው። ስለዚህ ማፋጠን ነው። ሙቀቱን በሁለት ቀን ወደ 29 ወይም 30 ከፍ አድርግ፣ ፓምፑን አጠንክር። ጨው የሚያገለግለው እዚህ ጋ ነው፦ ለሊትር ሁለት ግራም፣ በሌላ ዕቃ አሟሙተህ፣ ግማሹን ዛሬ ግማሹን ነገ። ሌሎች ዓይነት ዓሣዎችና ተክሎች አብረው ካሉ ጨውን ላይችሉት ይችላሉ። ነጥቡ ቢጠፋም ሁለት ሳምንት እስኪሞላ አታቋርጥ፤ ብዙ ሰው ተሸንፎ የሚመለሰው አምስተኛው ቀን ላይ «ዳኑ» ብሎ ነው። ከእንግዲህ አዲስ ዓሣ ስትገዛ ሦስት አራት ሳምንት በሌላ ዕቃ ለብቻ ይቆይ፣ የሱቁንም ውሃ አብረህ አትገልብጥ።

ሐይቁ ላይ? በፍጹም! ሞሊ ጠንካራና ወላድ ናት፣ በሌሎች አገሮች ሰዎች የለቀቋት ቦታ ሁሉ ሰፍራ ቀርታለች። ያንተን ነጭ ነጥብ የመሰለ በሽታም ይዛ ትገባለች። የሐዋሳ ቆሮሶና አምባዛ የስንቱ አሣ አጥማጅ እንጀራ ነው። ጣና ብትሆን ደግሞ ሌላ የትም የማይገኙ ላብዮባርበስ የሚባሉ የዓሣ ዝርያዎች አሉባት። ለጓደኛ ስጥ፣ ለሱቅ መልስ፣ አኳሪየም ላለው ትምህርት ቤት አበርክት፤ ግን መጀመሪያ ይዳኑ፣ በሽታ አታከፋፍል። ከዚያ ወንዶቹን በሌላ ዕቃ ለይ። ሴቶቹ ቀድመው የያዙት ዘር ስላለ ለጥቂት ወራት መውለዳቸውን አያቆሙምና ሌላ ባልዲም አዘጋጅ።